ግማሽ ሚሊ ጠዋት፣ ግማሽ ሚሊ ማታ

አናጢ ነኝ። ባሕር ዳር፣ ከጣውላ መሸጫው ጀርባ፣
ሠላሳ ዓመት በር ገጥሜያለሁ፣ በሰው ቤት ስወጣ ስገባ።
የማይዘጋ በር አውቃለሁ፤ ጉበኑ ያጠረ፣ መቃኑ የሸሸ፣
በክረምት ያበጠ፣ በበጋ ተሰንጥቆ የተበላሸ።
የልጄን አገጭ ግን
ማን እንደለካው አላውቅም።

ትርንጎ አሥራ ሰባቷ ነው። ላይኛው መንጋጋዋ ሲገሰግስ፣
ታችኛው ወደ ኋላ ቀረ፣ እንደ ደከመ መንገደኛ ሲያነክስ።
ጎረቤት "ወፌ" ይላታል፤ በፍቅር ነው፣ አውቃለሁ፤
እሷ ግን በሻርፗ ጫፍ አፏን ስትሸፍን አያለሁ።
ይኼስ ባልከፋ።
የሚከፋው ሌሊቱ ነው፤
ታንኮራፋለች፣ ታንኮራፋለች፣
ከዚያ ጸጥ።
የሐይቁ ጉማሬ እንኳ ጠልቆ ጠልቆ አፍንጫውን ያወጣል፤
እኔ በጨለማ የልጄን መውጫ እቆጥራለሁ፤
ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ፤
እናቷ በክርኗ ስትነካት ትንፋሿ ተመልሶ ይዘረጋል።

ዶክተር ይበልጣል ራጇን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ለጠፈ፣
በቀጠሮ ወረቀታችን ጀርባ ሦስት መንጋጋ ነደፈ።
"አንደኛው" አለ፣ "የአገጯን ጫፍ ብቻ ቆርጦ ወደ ፊት መሳብ፣
ወይም አጥንቱን ሳይነኩ ላዩ ላይ ፕላስቲክ መደረብ።
መስታወት ይደሰታል፤ ጉሮሮዋ ግን እንደ ነበረ ነው።"
ገባኝ። በጠመመ በር ላይ አዲስ ቀለም ነው።

"ሁለተኛው፣ መንጋጋዋን ግራና ቀኝ በቁመቱ መሰንጠቅ፣
አንዱን ገጽ በሌላው ላይ አንሸራትቶ በብሎን ማጥበቅ።
በአንድ ቀን ያልቃል።"
ይኼንንም አውቀዋለሁ። አጭር ወራጅ በሰያፍ ሰንጥቄ፣ ገጽ ለገጽ አሳስሜ፣
ስንቱን ጣሪያ አቁሜያለሁ፣ በሚስማር ደጋግሜ።
"ግን እዚህ ውስጥ" አለ እርሳሱን ተክሎ፣ "ነርቭ ያልፋል፤
ከንፈሯ ሊደነዝዝ ይችላል፤ ለወራት፣ አንዳንዴም ለሁልጊዜ።
ደግሞ የእሷ ጉድለት አሥራ አራት ሚሊ ነው፤
ብዙ ነው። በአንዴ የተጎተተ ሥጋ
ወደ ነበረበት መመለስ ይወዳል።"
ጣውላ ውስጥ ነርቭ የለም።
እዚያ ላይ እውቀቴ አጠረኝ።

"ሦስተኛው፣ ቆርጠን እንተወዋለን፤ አንገጥመውም።
ግራና ቀኝ ትንሽ ብረት እናስራለን። አምስት ቀን ዝም።
ከዚያ ቁልፏን ማዞር ነው፣
ግማሽ ሚሊ ጠዋት፣ ግማሽ ሚሊ ማታ፤
ክፍተቱን አጥንት ይሞላዋል።"
"ከየት የመጣ አጥንት?"
"ከራሷ።"

ሠላሳ ዓመት ክፍተት ስሞላ፣
በስቱኮ፣ በሰጋቱራና በኮላ፣
ሲለያይ ራሱን የሚወልድ ጣውላ አላየሁም።
"ቀስ በቀስ..." ብሎ ጀመረና ፈገግ አለ፤
እንቁላሏን ለእኔ ተወልኝ።
ብረቱ ወራት እንደሚቆይ፣ ለማውጣት ዳግም ቢላ እንዳለ፣
ጠባሳም እንደሚቀር አልደበቀም።
እኔ ዋጋውን ሳሰላ፣ ዝም ብላ የቆየችው ትርንጎ
ሻርፗን ከአፏ አወረደች፦
"በየትኛው ነው እናቴ የምትተኛው?"

ከጎናችን የተኛው የዘጌው ልጅ፣ ታድሎ፣ በሁለተኛው ነው የተሠራ፤
የእሱ ጉድለት ትንሽ ነበር። በሳምንቱ ሾርባውን በስትሮ እየሳበ ወጣ።
ከንፈሩን በጣቱ መታ መታ አድርጎ "እዚህ ጋ የለሁም" አለኝ፣ እየሳቀ።
ቀናሁበት። አልዋሽም።

እኛ ዘጠነኛ ቀናችን ነው።
ቁልፏ በሸሚዝ ኪሴ፣ ከእርሳሴ አጠገብ ትተኛለች።
መዶሻ የለመደ እጄ በመጀመሪያው ማታ ተንቀጠቀጠ፤
"አባዬ፣ በር እኮ አይደለሁም" አለችኝ።
ጠዋት አዞራለሁ፤ እንባዋ ሳይወርድ ዓይኗ ጠርዝ ላይ ይቆማል።
ማታ አዞራለሁ፤ ምንም የተለወጠ አይመስልም።
ሐይቁም በሐምሌ ሲሞላ እንዲሁ ነው፤
የወደቡ ድንጋይ ሲሰወር እንጂ ውኃው ሲጨምር ማን አየው?
ትናንት ሌሊት ቆጠርኩ።
ሰባት ላይ ተመለሰች።

ዛሬ አንድ ሰው መጣ፣ የሱቅ በር ሊያሠራ።
"የድሮው ክፍተት አለው" አለ፣ "መቼ ይደርስልኛል?"
እርሳስ ፍለጋ ኪሴ ገባሁ፣
እጄ ላይ የወጣችው ቁልፏ ናት፤
ይዣት ቆምኩ።
"ስንት ሚሊ ነው የጎደለህ?" አልኩት።